ማደንዘዣ መርፌ ልብ ያቆማልን?



በቢላና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ጥርሱን የታመመ ሰው «ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ቃል አንድ ነው። «መርፌው ልብ ያቆማል» ይላል። ይህንንም የሚሉት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ባዮሎጂ ከምንማርበት ክፍል ውስጥ ከጓደኞቼ አፍ ሰምቼዋለሁ። አንዱ ሰማሁ ያለውን ሌላው አየሁ እያለ ይጨምርበታል። በዚህም ምክንያት ስንቱ ሰው ጉንጩ አብጦ፣ እንቅልፍ አጥቶ ሳምንታት ያሳልፋል፤ ወይም ጉጠት ይዞ በገበያ ለሚዞር ሰው አፉን ይከፍታል። ሕመሙ ሲጸናበት ደግሞ ከቢላ ተነሥቶ በጊምቢ በኩል እስከ ነቀምት መጓዝ ግድ ይሆንበታል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ወሬው ፈጽሞ ሐሰት ነው ብዬ ለመሟገት አልተነሣሁም። በክፍል የተማርነውን ከሕክምና መጻሕፍት ጋራ እያስተያየሁ ስመረምረው ወሬው ግማሹ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ሰውን የሚጐዳው የቀረው ግማሽ ነው። ስለዚህ የሚያደነዝዘው መድኃኒት ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ በምን ያህል መጠን እንደሚጠቅምና ከምን ያህል በላይ እንደሚጐዳ በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሰመመን ነው፤ ይኸውም በሽተኛው ጨርሶ እንዲተኛና ምንም ነገር እንዳያውቅ የሚደረግበት ነው። ሁለተኛው ግን ሰውየው ነቅቶ፣ እየተናገረና እየሰማ፣ አንዱን የሰውነቱን ክፍል ብቻ ማደንዘዝ ነው። ለጥርስ፣ ለቁስል ስፌት፣ ለእብጠት መቅደድ፣ ለግርዛት የሚሰጠው ይህ ሁለተኛው ነው። እኔም የምናገረው ስለዚሁ ነው።

የሕመም ስሜት ከጥርሳችን ወደ አንጐላችን የሚሄደው በነርቭ በኩል ነው። በነርቩ ግድግዳ ላይ ለዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ በሮች አሉ። ነርቩ ሲነካ በሮቹ ይከፈቱና በውጭ ያለው ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሶዲየም ከምንበላው ጨው ሁለት ክፍሎች አንዱ መሆኑን በኬሚስትሪ ተምረናል። የመጀመሪያው በር መከፈት ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን እያስከፈተ መልእክቱ እስከ አንጐል ይደርሳል። ማደንዘዣው መድኃኒት ወደ ነርቩ ውስጥ ዘልቆ እነዚህን በሮች ከውስጥ በኩል ይዘጋቸዋል። ጥርሱ ይነቀላል፤ ወሬው ግን ለአንጐል አይደርስም። መድኃኒቱን ደም ቀስ በቀስ ጠራርጎ ሲወስደው በሮቹ እንደ ቀድሞው ይከፈታሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሕመምንና ሙቀትን የሚያደርሱት ነርቮች ቀጫጭን ስለ ሆኑ ቀድመው ይደነዝዛሉ፤ መነካትንና መጫንን የሚያደርሱት ግን ወፈር ያሉ ስለ ሆኑ ይዘገያሉ፤ አንዳንዴም ጨርሰው አይደነዝዙም። ስለዚህ በደንብ የደነዘዘ ሰው እንኳ ሐኪሙ ሲገፋና ሲጐትት ይሰማዋል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው በሽተኛ «አልደነዘዝኩም» ብሎ ይደነግጣል፤ ይወራጫል። መጐተት መሰማቱና ማመሙ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መድኃኒቱ የመጣበት መንገድ ረጅም ነው። በደቡብ አሜሪካ በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ኮካ የሚባል ቅጠል ከጥንት ጀምሮ ያኝካሉ። (ጫት የመሰለው አንባቢ ቢኖር ፈጽሞ ሌላ ተክል ነው።) በ1860 አልበርት ኒማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከዚህ ቅጠል ኮኬይንን አጥርቶ ሲያወጣ ምላስን እንደሚያደነዝዝ ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ለሃያ አራት ዓመት ያህል ለቀዶ ሕክምና ሳይውል ቆየ። በ1884 በቪየና ከተማ ካርል ኮለር የሚባል ወጣት ሐኪም መድኃኒቱን በእንቁራሪት ዓይን ላይ ጠብ አደረገ፤ እንቁራሪቷ ዓይኗ ሲነካ አልጨፈነችም። ቀጥሎም በራሱ ዓይን ላይ ጨምሮ በመርፌ ቁልፍ ራስ ነካው፤ ምንም አልተሰማውም። ከዚያ በፊት የዓይን ቀዶ ሕክምና ማለት ምን ዓይነት ሥቃይ እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ያስበው። ግኝቱ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በሃይደልበርግ ለተሰበሰቡት የዓይን ሐኪሞች ተነበበ፤ ያነበበው ግን ኮለር አልነበረም። ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ሌላ ሐኪም ወስዶ አነበበለት። እኔ ይህን ሳነብ ስለ ኮለር አዘንኩለት፤ ነገር ግን ስሙ አልጠፋበትም።

ኮኬይን ግን ሁለት መጥፎ ጠባይ አለው። መርዝነቱ ከፍ ያለ ነው፤ ደግሞም ሱስ ያስይዛል። በኒው ዮርክ ሐልስቴድ የሚባለው ታላቅ የቀዶ ሐኪም ነርቭን በመርፌ ስለ ማደንዘዝ በራሱ ላይ ሲመራመር የኮኬይን ሱሰኛ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ኬሚስቶች የሚያደነዝዝ ነገር ግን ሱስ የማያስይዝ መድኃኒት መፈለግ ጀመሩ፤ በ1905ም አይንሆርን የተባለው ጀርመናዊ የሠራው ፕሮኬይን ለሕክምና ዋለ። ኖቮኬይን ተብሎ የተሸጠው እሱ ነው። ዛሬም የማደንዘዣዎች ስም «ኬይን» እያለ የሚያልቀው ከአባታቸው ከኮኬይን የወረሱት ስለ ሆነ ነው፤ እነዚህ አዳዲሶቹ ግን ሱስ አያስይዙም።

አሁን በየጤና ጣቢያው የምናገኘው ሊዶኬይን የተወለደው ደግሞ ከገብስ ነው ብል የሚያምነኝ ይኖር ይሆን? ነገሩ እንዲህ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት በስዊድን አገር በስቶክሆልም የሚሠሩ ኬሚስቶች ተባይ የማይደፍረው አንድ የገብስ ዓይነት ውስጥ ምን እንዳለ ሲመረምሩ ግራሚን የሚባል ነገር አገኙ። ኤርድማን የተባለው ኬሚስት ይህንኑ በላቦራቶሪ እሠራለሁ ሲል ከግራሚን ጥቂት የሚለይ ሌላ ነገር ሠራ፤ ቀምሶም ሲያየው ምላሱ ደነዘዘ። በዚያ ዘመን ኬሚስቶች የሠሩትን ነገር መቅመስ ልማዳቸው ነበር፤ የእኛ የኬሚስትሪ አስተማሪ ቢሰሙ ከላቦራቶሪ ያስወጡናል። ተማሪው ኒልስ ሎፍግሬን ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ዓይነት ነገሮችን እየቀመመ ቆየና በ1943 ሊዶኬይንን ሠራ። ቤንግት ሉንድክቪስት የሚባል ወጣት ጓደኛው መድኃኒቱን በራሱ ገላ ላይ እየወጋ ፈተነው። በ1948 አስትራ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ዚሎኬይን ብሎ ለገበያ አወጣው። ስዊድናውያን ለወለጋ ሰው እንግዶች አይደሉም፤ በነቀምት ሆስፒታል የተከሉት የስዊድን ሚሲዮናውያን ነበሩ። የአገራቸው መድኃኒት ግን የደረሰው በእነርሱ አገር ብቻ ሳይሆን በዓለም ሁሉ ነው።

ከዚህ ወዲያ ወደ ወሬው እንመለስ። ልባችን የሚመታው፣ አንጐላችንም የሚያስበው፣ ቀደም ብዬ በጠቀስኋቸው በሶዲየም በሮች አማካይነት ነው። መድኃኒቱ በተወጋበት ቦታ እስከ ቆየ ድረስ የዚያን ቦታ ነርቭ ብቻ ይዘጋል። ነገር ግን በብዛት ወደ ደም ከገባ የአንጐልንና የልብን በሮች ይዘጋል። በመጀመሪያ የሚነካው ብዙውን ጊዜ አንጐል ነው፤ በሽተኛው ከንፈሩና ምላሱ ዙሪያውን ይደነዝዛል፤ ብረት የላሰ ያህል ጣዕም ይሰማዋል፤ ጆሮው ይጮኻል፤ ራሱ ይዞራል፤ ንግግሩ ይኰላተፋል። ከዚያ ጡንቻዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ቀጥሎም እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጠዋል። መጠኑ ከዚህም ካለፈ ትንፋሹ ይቆማል፤ ልቡም ይደክምና ሊቆም ይችላል። እንግዲህ «ልብ ያቆማል» የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው ያልሁት ስለዚህ ነው።

የቀረው ግማሽ በሒሳብ የሚፈታ ነው። ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አብራችሁኝ አስሉ።

በብልቃጡ ላይ «2%» ተብሎ ቢጻፍ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 2 ግራም መድኃኒት አለ ማለት ነው። 2 ግራም 2000 ሚሊ ግራም ስለ ሆነ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ይደርሳል። «1%» ቢሆን 10 ሚሊ ግራም ነው። ባጭሩ የመቶኛውን ቁጥር በ10 ማባዛት ነው። አድሬናሊን ላልተጨመረበት ሊዶኬይን የተወሰነው ከፍተኛ መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 4.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ሰውየው የቱንም ያህል ቢከብድ በጠቅላላው ከ300 ሚሊ ግራም አያልፍም። አንዳንድ መጻሕፍት ደግሞ ለጥንቃቄ ብለው ለኪሎ 3 ሚሊ ግራም ብቻ ይፈቅዳሉ።

እንግዲህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወሰኑ 270 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም ከ2 በመቶው 13.5 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ለጥርስ የሚዘጋጀው አንድ ቀለህ ብዙ ጊዜ 1.8 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ይኸውም 36 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ጥርስ ለመንቀል አንድ ወይም ሁለት ቀለህ ይበቃል፤ ሁለቱ ተደምረው 72 ሚሊ ግራም ናቸው። ከወሰኑ ሲሶ እንኳ አይሞላም! በሙሉ ሰው ላይ በትክክል የተወጋ የጥርስ መርፌ ከአደጋው ምን ያህል የራቀ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

አሁን ግን ያንኑ ሒሳብ 12 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን እንሥራው። ወሰኑ 54 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ለአባቱ ምንም ያልሆነው አንድ ቀለህ ለልጁ የወሰኑን ሁለት ሦስተኛ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ቀለህ ከወሰኑ ያሳልፈዋል። ደግሞም በጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውን ባለ 50 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ አስቡት። 2 በመቶ ከሆነ በውስጡ ያለው 1000 ሚሊ ግራም ነው፤ ሦስት ጐልማሳ ሰዎች ወሰናቸውን ወስደው ይተርፋል። ስለዚህ ሰፊ ቁስል የሚሰፋ ሰው «ገና ያመዋል» እያለ ሳይቈጥር ደጋግሞ ቢቀዳ ከወሰኑ ማለፍ አይከብደውም። እንዲህ ሲሆን ብልሃቱ መድኃኒቱን በንጹሕ የጨው ውኃ አቅጥኖ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ማድረግ ነው፤ ያው ሚሊ ግራም ሁለት እጥፍ ቦታ ያዳርሳል። ሊዶኬይንን የሚያፈርሰው ጉበት ነው፤ ስለዚህ ጉበቱ ለታመመ፣ ልቡ ለደከመ፣ በዕድሜ ለገፋና ለከሳ ሰው ከወሰኑ መቀነስ ይገባል።

ከመጠኑ ሌላ ቦታውም ይታሰባል። ትንሽ መጠን እንኳ በቀጥታ በደም ሥር ውስጥ ቢገባ በአንድ ጊዜ አንጐልና ልብ ይደርሳል። ለዚህ ነው የሠለጠነ ባለሙያ መርፌውን ካስገባ በኋላ ከመግፋቱ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ የሚስበው፤ ደም ከታየ ቦታውን ይለውጣል። ከዚያም በቀስታ፣ ጥቂት በጥቂት እየገፋ የበሽተኛውን ፊት ያያል፤ ያነጋግረዋል። ብዙ ሰው ሐኪሙ ሲያወራው ለማዘናጋት ይመስለዋል። ለዚያም ነው፤ ነገር ግን ንግግሩ የተኰላተፈ እንደ ሆነ ለማወቅም ጭምር ነው። ጆሮዬ ጮኸ፣ ምላሴ ደነዘዘ ለማለት አፍ የሚያስፈልግ ስለ ሆነ ነቅቶ የሚታከም በሽተኛ ራሱን ይጠብቃል። ይህን የተሰማው ሰው አፍሮ ዝም ማለት የለበትም።

በዚሁ አጋጣሚ በየክሊኒኩ የሚደርስ አንድ ሌላ ነገር ላንሣ። ሴፍትሪያክሶን የሚባለው የተሕዋስያን መድኃኒት በጡንቻ ሲወጋ በጣም ስለሚያም ዱቄቱ አንዳንድ ጊዜ በ1 በመቶ ሊዶኬይን ይበጠበጣል። በሊዶኬይን የተበጠበጠው ግን በደም ሥር አይሰጥም። በቤቱ በግል መርፌ የሚያስወጋ ሰው ይህን የሚለይለት ማን ነው? መርፌ በመንደር የሚወጉ ሰዎች ሁሉ ክፉዎች ናቸው አልልም፤ አንጐሉ ቢያንፈራግጠው የሚያነሣበት ኦክሲጅን ግን በቤታቸው የለም።

እንዲያውም በሆስፒታል ሌላ ዕርዳታ አለ። በ1998 በአሜሪካ ዋይንበርግ የሚባል ሐኪምና ጓደኞቹ በማደንዘዣ የተመረዙ አይጦች ከሶያ ዘይት የተዘጋጀ፣ በደም ሥር የሚሰጥ የቅባት ፈሳሽ ሲሰጣቸው ከሞት እንደሚድኑ አገኙ። በ2006 ልቡ የቆመ ሰው በዚሁ ዳነ። ቅባቱ መድኃኒቱን ከልብ ላይ ይስበዋል ይባላል። የሚሰጠውም የ20 በመቶው ቅባት በመጀመሪያ ለኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር ነው።

እንግዲህ የጥርስ መርፌ መጠኑ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ወሬው ከየት መጣ? በእኔ አስተያየት ምንጩ ሁለት ነው። አንደኛው ፍርሃት ነው። የፈራ ሰው መርፌ ሲያይ የልቡ ምት ይቀንሳል፤ የደሙ ግፊት ይወርዳል፤ ፊቱ ገርጥቶ፣ አልቦት ይወድቃል። ያየ ሰው ሞተ ይላል። እግሩ ከፍ ብሎ በጀርባው ቢተኛ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነቃል። በባዶ ሆዱ ከሩቅ በእግሩ የመጣ ሰው ይህ ይበልጥ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ከመወጋት በፊት ቀመስ አድርጎ መምጣት፣ ሲወጉም ጋደም ማለት ይጠቅማል። ሁለተኛው አድሬናሊን ነው። አድሬናሊን የደም ሥሮችን አጥብቦ መድኃኒቱ በቶሎ እንዳይወሰድ ያደርጋል፤ ደሙም ይቀንሳል፤ ድንዛዜውም ይረዝማል። በእርሱ ምክንያት ወሰኑም ለኪሎ እስከ 7 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላው እስከ 500 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል። የሚጨመረው እጅግ ጥቂት ነው፤ በብልቃጡ ላይ 1፡200,000 ተብሎ ቢጻፍ አንድ ግራም በ200 ሊትር ውስጥ ማለት ነው፤ ይህም አንድ ግራም በአንድ የነዳጅ በርሜል እንደ መበጥበጥ ነው። ይህች ጥቂት ነገር እንኳ ወደ ደም ስትገባ ልብን ለጥቂት ደቂቃ በኀይል ታስመታለች። ያልተነገረው ሰው ልቤ ሊቆም ነው ብሎ ይጮኻል፤ እውነቱ ግን ልቡ መፍጠኑ ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ሲወጣ የሚያወራው ይህንኑ ነው።

አድሬናሊን የተጨመረበት በጣት፣ በአፍንጫ ጫፍ፣ በጆሮና በወንድ ልጅ ብልት ላይ አይወጋም የሚለው የቆየ ትምህርት ነው፤ የደም መግቢያው ጠባብ ስለ ሆነ ሥጋው እንዳይሞት ተፈርቶ ነው። በዘመናችን የእጅ ቀዶ ሐኪሞች በጣት ላይ በጥንቃቄ እንደሚጠቀሙበት አንብቤአለሁ። ቢሆንም በትንሽ ጤና ጣቢያ የቆየውን ደንብ መያዝ የሚሻል ይመስለኛል። ለግርዛት የሚዘጋጀው ሊዶኬይን ያለ አድሬናሊን መሆን አለበት።

መድኃኒቱ በትክክል ተለክቶም የማይሠራበት ጊዜ አለ። አኮዬ (አያቴን የምጠራው እንዲህ ነው) የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው መግል ይዞ ጉንጫቸው እንደ እንቁላል አብጦ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ሰው መርፌውን በእብጠቱ መካከል ወግቶ፣ ጥቂት እንኳ ሳይቈይ መንቀል ጀመረ። አኮዬ ጮኹ። ሰውየውም «ደንዝዘሽ ሳለ በፍርሃት ነው የምትጮኺ» ብሎ ተቈጣቸው። በመንገድ ላይ «ልጄ፣ ወይ እሱ ዋሽቷል፣ ወይ መድኃኒቱ ዋሽቷል» አሉኝ። ሁለቱም ነገር እውነትነት ነበረው። መግል ያለበት ሥጋ አሲድነቱ ከፍ ያለ ነው፤ ማደንዘዣው ደግሞ በአሲድ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዝ የነርቩን ቅባታማ ግድግዳ አልፎ ለመግባት ይቸገራል። በሩን ከውስጥ የሚዘጋ ቁልፍ ወደ ውስጥ ካልገባ ምን ይሠራል? እብጠቱን መውጋት ደግሞ መግሉን ወደ ጤነኛው ሥጋ ሊበትነው ይችላል። መፍትሔው ከእብጠቱ ራቅ ብሎ፣ ነርቩ ወደ መንጋጋው ከሚገባበት ከኋላ በኩል መውጋት፣ ወይም መግሉን አስቀድሞ ማከም ነው። አኮዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ሲቀልላቸው በሌላ ቦታ በዚሁ ዓይነት ተወግተው ጥርሳቸው ተነቀለ፤ የመነቀሉን ድምፅ ሰማሁ እንጂ አላመመኝም አሉ። እዚያ ያለችው ነርስ ከወጋች በኋላ አምስት ደቂቃ ቈይታ በመርፌ ጫፍ ድዳቸውን እየነካች ጠይቃቸዋለች።

በየቤታችን ያለውም ማደንዘዣ ሊረሳ አይገባውም። የታመመ ጥርስ ላይ ቅርንፉድ የሚያደርጉ እናቶች ተሳስተው አይደለም፤ በቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል የሚባል የሚያደነዝዝ ዘይት አለ፤ የጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን የተቦረቦረውን ጥርስ አይደፍነውም፤ መግሉንም አያደርቀውም። የተጨመቀው ዘይት ደግሞ ድድ ያቃጥላል፤ ሕፃን ቢውጠው ይጐዳዋል። በፋርማሲ የሚሸጡ ድድ የሚቀቡ ማደንዘዣዎችም አሉ። ከእነርሱ ቤንዞኬይን ያለበትን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጥርስ ማብቀያ እንዳይውል አስጠንቅቋል፤ የሕፃኑ ደም ኦክሲጅን መሸከም ሊያቅተው ስለሚችል ነው። ቅባትም ቢሆን መጠን አለው። በአሜሪካ ሁለት ወጣት ሴቶች ጠጕር ለማስወገድ ብለው እግራቸውን በብርቱ ማደንዘዣ ቅባት ቀብተው በፕላስቲክ ጠቅልለው ሞተዋል፤ በ2007 ስለዚህ ነገር ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። መርፌ አልነካቸውም፤ በቆዳቸው በኩል ወደ ደም የገባው ከወሰኑ ስላለፈ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እንግዲያው በአገራችን እንጥል የሚቈርጡና የሕፃናትን ድድ ፈልቅቀው ጥርስ የሚያወጡ ሰዎች ማደንዘዣ ቢሰጣቸውስ» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኔ አይሰጣቸው እላለሁ። ሕመሙ ከልማዱ ጉዳት ትንሹ ነው፤ መድማቱና መመረዙ አይቀርም፤ ሥራውም ከመጀመሪያው አያስፈልግም።

ስለ እናቶች ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም። በ1898 ጀርመናዊው ሐኪም አውጉስት ቢር ኮኬይንን በጀርባ አጥንት መካከል፣ የአከርካሪ ፈሳሽ ካለበት ወግቶ ከወገብ በታች ማደንዘዝ እንደሚቻል አሳየ። እሱና ረዳቱ ሒልደብራንት እርስ በርሳቸው ሞከሩት፤ የረዳቱን ቅልጥም በመዶሻ መታው፤ በሲጋራ አቃጠለው፤ አልተሰማውም። በማግስቱ ግን ቢር በብርቱ ራስ ምታት ተኛ፤ የረዳቱም እግር በልዞ አደረ። ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምና ከሚወልዱት እናቶች ብዙዎቹ በዚሁ ዘዴ ነቅተው የልጃቸውን የመጀመሪያ ልቅሶ ይሰማሉ። የሚሰጠው ቡፒቫኬይን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ቢሆንም የደም ግፊት በቶሎ ስለሚያወርድ የሰመመን ባለሙያ ከአጠገባቸው አይለይም። ይኸው ቡፒቫኬይን በስሕተት በብዛት በደም ሥር ቢገባ ልብን ከሊዶኬይን ይልቅ ይጐዳል፤ ስለዚህ ብልቃጦቹን ስማቸውን አንብቦ መለየት የሞት ሽረት ነገር ነው።

ለመታከም የምትሄዱ ሁሉ ክብደታችሁን አስመዝኑ፤ በተለይም ልጅ ይዛችሁ ከሆነ። ከዚህ በፊት ተወግታችሁ ምን እንደ ደረሰባችሁ፣ የልብ ወይም የጉበት ሕመም ካለባችሁ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ ሳትጠየቁም ተናገሩ። የመድኃኒቱን ስምና ስንት በመቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መርፌውና ሲሪንጁ በፊታችሁ ከአዲስ ከረጢት ይውጡ። እውነተኛ የሊዶኬይን አለርጂ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ራሱን የሳተ ሰው ሁሉ «አይስማማኝም» ብሎ መቅረት የለበትም፤ የሆነውን ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙ ይለየዋል።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድንዛዜው ለአንድ ሰዓት፣ አድሬናሊን ካለበት ከንፈርና ምላስ ላይ ለሦስት ሰዓት ያህልና ከዚያም በላይ ሊቈይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ምግብ የሚያኝክ ሰው ጉንጩን ያኝካል። ሕፃናት ደግሞ የደነዘዘው ከንፈራቸው እንግዳ ስለሚሆንባቸው በጥርሳቸው እየቈረጠሙ ያቈስሉታል፤ እናትየው በማግስቱ አብጦ ስታየው መርፌው ነው ትላለች። ስሜቱ እስኪመለስ ድረስ ልጁን መጠበቅ፣ ጥጥ ካስነከሱትም እንዳይውጠው ማየት ያስፈልጋል። ትልቅ ሰውም ከጤና ጣቢያ ሲመለስ የሚቀርብለትን ትኩስ ቡና በደነዘዘ አፉ አይጠጣ፤ ምን ያህል እንደሚያቃጥል አያውቀውምና።